ከጀርመን ልጅ ጠይቆ ወደ ወሎ መመለስ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ከደሴ ወይም ከወልዲያ ተነስተው ጀርመን ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት፣ ሲሄዱ አሳቢያቸው ብዙ ነው። ቦሌ ድረስ የሚሸኝ አለ፤ ፍራንክፈርት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አለ። የሚዘነጋው የመልሱ ቀን ነው። ቪዛው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ይቀረዋል፣ ሻንጣው ከመጣበት ቀን ይልቅ ከብዷል፣ ልጅ ከሥራ ፈቃድ ማግኘት ይቸግረዋል፣ ትኬቱም «ርካሽ ተገኘ» ተብሎ ተቆርጧል። ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ውስጥ ይደራረባሉ።

ይህን የጻፍኩት ትኬቱን ለሚቆርጠው ልጅም ለሚጓዙት ወላጅም ነው። ምሳሌዬ ፍራንክፈርት ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለውና የባቡር ጣቢያው ከኤርፖርቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አማራጮቹን ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል። ከሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚነሳም በእነዚሁ መመዘኛዎች የራሱን መንገድ መመዘን ይችላል።

ከአማራጩ በፊት መመዘኛው

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ የጉዞውን ርዝመት። እኔ ሁለቱንም ወደ ኋላ አደርጋቸዋለሁ። በመልስ ጉዞ ሰው የሚጉላላው ሰማይ ላይ ሳለ አይደለም፤ አንዱ መጓጓዣ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ባቡር ወርዶ ተርሚናል እስኪደረስ፣ ፍተሻ አልፎ በሩ እስኪገኝ፣ ቦሌ ወርዶ ወደ ወሎ የሚወስደው እስኪያዝ ድረስ ያለው ነው የሚያደክመው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው መጋጠሚያው ስንት ነው፣ ከነዚያስ ስንቱ በአንድ ትኬት ውስጥ ተጠቃሏል የሚለውን ነው። በአንድ ትኬት የተያያዘ ጉዞ መሃል ላይ ቢበላሽ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ግዴታ የአየር መንገዱ ነው። ተለያይቶ የተገዛ ከሆነ ግን ያመለጠው ትኬት ኪሳራ የቤተሰቡ ነው።

ቀጥሎ ሻንጣውን አስባለሁ፦ በየመጋጠሚያው ማን ያነሳዋል? ከዚያ የተጓዡ አቅም ይመጣል፤ ጉልበት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ መቻል አለመቻል። ዋጋው መጨረሻ ላይ ይታያል፤ እሱም የትኬቱ ብቻ ሳይሆን የባቡሩ፣ የአዲስ አበባ አዳሩ፣ የኮንትራት መኪናውና የትርፍ ኪሎው ተደምሮ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ የቪዛው ቀን። ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የሼንገን አጭር ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን መቆየት ይፈቅዳል፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው የቆይታ ቀን ከዚያ ካነሰ የሚሠራው ያነሰው ነው። ትኬቱን በመጨረሻው ቀን ላይ የሚቆርጥ ቤተሰብ አለ፤ «አንድ ቀን እንኳን ከልጅ ልጆቿ ጋር ትቆይልኝ» ብሎ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን አታድርጉት። ባቡሩ ቀርቶ በረራው ካመለጠ ከቪዛ በላይ ቆይቷል መባል ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ድንበሮች የመግቢያና የመውጫ ቀን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል፤ ያለፈው ቀን በሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻ ላይ ሊነሳ ይችላል። ቢያንስ የ4 ወይም የ5 ቀን ትርፍ ይኑራችሁ።

ከልጅ ቤት እስከ ፍራንክፈርት ኤርፖርት

*ፈጣኑ ባቡር።* ኢሴኤ የሚባለው ባቡር በመንገድ ላይ ከሁሉ ይመቻል። ከኮሎኝ ፍራንክፈርት ያለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተ ሲሆን ባቡሩ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከኮሎኝ ኤርፖርቱ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከሙኒክ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ መጸዳጃ አለው፤ እግር መዘርጋት ይቻላል።

ችግሩ ሰዓት ማክበሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጀርመን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሰው 62.5 በመቶው ብቻ ነበር፤ ያውም ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየው «በሰዓቱ» ተብሎ ተቆጥሮ። ባቡሩ ዘግይቶ አውሮፕላን ቢያመልጣችሁ የባቡር ድርጅቱ የሚመልሰው የባቡሩን ትኬት ክፍል ነው፤ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ። ያመለጠውን የአውሮፕላን ትኬት አይከፍልላችሁም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው።

የባቡር ትኬቱም ሁለት ዓይነት ነው። ሽፓርፕራይስ የሚባለው ርካሹ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው፤ ያ ባቡር በራሳችሁ ምክንያት ካመለጠ ትኬቱ ዋጋ የለውም። ሆኖም መድረሻ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘግየት ከተጠበቀ እስሩ ይነሳና በሌላ ባቡር መሄድ ይቻላል። ፍሌክስፕራይስ የሚባለው ውዱ በዕለቱ በፈለጋችሁት ባቡር ያስኬዳል። ኤርፖርት ለሚሄድ ሰው ርካሹ ይበቃል፤ ግን ባቡሩ ከበረራው ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ የሚያደርስ ይሁን። መለኪያው ይህ ነው፦ የመረጣችሁት ባቡር ቢሰረዝ፣ ቀጥሎ ያለው ሌላ ባቡርም ለበረራው ሊያደርስ ይገባል።

ባቡር የመረጠ ሰው የጣቢያውን መድረክ ቀድሞ ማሰብ አለበት። በጀርመን ጣቢያ መድረኩ በላቲን ፊደላት ተከፋፍሏል፤ ሰሌዳው የትኛው ፉርጎ የትኛው ፊደል ስር እንደሚቆም ያሳያል። ባቡሩ በመንገድ ላይ ጣቢያ የሚቆመው ጥቂት ደቂቃ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የፉርጎው ቅደም ተከተል ተገልብጦ ይመጣል፤ ፊት ይቆማል የተባለው ኋላ ይቆማል። ያኔ መድረኩ ላይ የቆመ ሕዝብ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ፣ የእጅ ቦርሳ፣ ነጠላ የለበሱ እናት እና ሦስት ደረጃ ያለው የባቡር በር፤ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩትና ወስኑ። ሻንጣውን ማንሳት የሚችል አንድ ሰው አብሮ ካልሄደ፣ በተለይ መሃል ላይ ባቡር መቀየር ካለ፣ ባቡሩን አልመክርም። ለአካል ድጋፍ ፈላጊዎች የባቡር ድርጅቱ በነጻ የሚሰጠው የመሳፈር እርዳታ አለ፤ ግን ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል።

ኤርፖርቱ ላይ ሁለት የባቡር ጣቢያ አለ። ረጅም ርቀት ባቡሮች የሚቆሙበት ፌርንባንሆፍ ከተርሚናል 1 ጋር በመሸጋገሪያ ድልድይ ይገናኛል፤ የቅርብ ርቀቱ ሬጂዮናልባንሆፍ ደግሞ ተርሚናል 1 ስር ነው። ትኬቱ ላይ የትኛው ተርሚናል እንደተጻፈ ከቤት ሳትወጡ እዩ።

*የቅርብ ርቀት ባቡር።* ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የወር ትኬት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ ሲሆን በአገሪቱ የከተማና የቅርብ ርቀት ባቡሮች ሁሉ ያሳፍራል፤ በኢሴኤ ግን አይሠራም። ወላጅ ለጉብኝት ሲመጡ ተገዝቶላቸው ከሆነና ቤታችሁ ከፍራንክፈርት ሩቅ ካልሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ኤርፖርት ይደርሳሉ። ከሩቅ ከተማ ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ መቀየር ስለሚያመጣ ወጣት ለሆነና ሻንጣው ለቀለለ ብቻ ነው።

*ከአካባቢው ኤርፖርት በአውሮፕላን።* ከሙኒክ፣ ከበርሊን ወይም ከሐምቡርግ ወደ ፍራንክፈርት አጭር በረራ ከአዲስ አበባው በረራ ጋር በአንድ ትኬት ማያያዝ ይቻላል። በወረቀት ሲታይ ከባቡሩ የሚፈጥን አይመስልም። ለአረጋዊ ግን እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ሻንጣው አንዴ ከተሰጠ ፍራንክፈርት ላይ አይነሳም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ተጠያቂው አየር መንገዱ ነው። የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎቱም ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛው በር ይቀጥላል። በአውሮፓ ሕግ ይህ እርዳታ ነጻ ነው፤ ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ነው የሚጠበቅባችሁ። «እናቴ እኮ ትራመዳለች» ብላችሁ አትተዉት። ፍራንክፈርት ላይ የሚኬደው ርቀት ለጤነኛ ጉልበትም ረጅም ነው፤ ሰሌዳ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገድ መሪም ነው።

አንዳንድ አየር መንገዶች ባቡሩን ራሱን እንደ በረራ ቁጥር ሰጥተው በትኬቱ ውስጥ ያካትቱታል፤ ያኔ ባቡሩ ዘግይቶ በረራው ቢያመልጥ በሌላ በረራ የሚያሳፍረው አየር መንገዱ ነው። ከበረራው ጋር የባቡር መሳፈሪያ ብቻ የሚሰጡም አሉ፤ በዚህኛው በሰዓቱ የሚያደርሰውን ባቡር መምረጥ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ሁለቱ ስማቸው ይመሳሰላል። ትኬት ስትቆርጡ «ባቡሩ የበረራ ቁጥር አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ይለየዋል።

*የልጅ መኪና።* እስከ 200 ኪሎ ሜትር ላለ ርቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ሻንጣው ከቤት በር እስከ ኤርፖርት በር ይደርሳል፤ ልጅም ቆሞ ሻንጣው ተመዝኖ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ትርፍ ኪሎ ቢመጣ የተረፈውን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ለራቀ መንገድ ግን የአውራ ጎዳናው መጨናነቅ ከባቡሩ መዘግየት አይሻልም።

ከፍራንክፈርት እስከ ቦሌ

ምርጫው ቀጥታ በረራ ወይም በኢስታንቡል፣ በዶሃ፣ በዱባይ፣ በካይሮ በኩል መሄድ ነው። ቀጥታው 7 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜ ማታ ተነስቶ ጠዋት ቦሌ ያርፋል። ለወሎ ሰው ይህ የመድረሻ ሰዓት ከዋጋው በላይ ነው፤ ጠዋት የደረሰ ሰው በዚያው ቀን ወደ ኮምቦልቻ የመብረር ዕድል አለው። እኩለ ሌሊት ወይም ማታ የሚያደርስ በረራ ግን ርካሽ ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ አዳር ያመጣል። ዘመድ ቤት የሚያድር ሰው አዳሩን በወጪ አይቆጥረውም፤ ሆቴል የሚያድር ግን በትኬቱ ያተረፈውን እዚያው ይከፍለዋል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የመሸጋገሪያ ቪዛን ነገር ልብ ይበል። ኢትዮጵያ ዜጎቿ በሼንገን አገሮች ኤርፖርት ለመሸጋገር ብቻ እንኳን ቪዛ ከሚጠየቁባቸው አገሮች አንዷ ናት። ለምሳሌ ለንደን ያለች ልጃቸውን ጠይቀው በፍራንክፈርት በኩል የሚመለሱ አባት ከኤርፖርቱ ባይወጡም የመሸጋገሪያ ቪዛ ይፈለግባቸዋል። ርካሽ ትኬት ያሳየን ድረ ገጽ ይህን አያስጠነቅቅም። ጀርመን ላይ በሚሠራ ቪዛ ቆይቶ ከዚያው በቀጥታ ለሚወጣ ሰው ይህ ጣጣ የለም፤ ግን በሦስተኛ አገር በኩል የሚያልፍ ከሆነ የዚያን አገር ሕግ ቀድሞ ያጣራ።

ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት የሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን፣ በኅብረቱ የመንገደኞች መብት ደንብ ቁጥር 261/2004 ስር ነው። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ፣ ምክንያቱ እንደ ከባድ የአየር ሁኔታ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ፣ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የአንድ ትኬት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው። መዘግየቱ የሚለካው በመጨረሻው መድረሻ ነው። ትኬቱ ከፍራንክፈርት እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ዘግይቶም የኮምቦልቻው ቢያመልጥና ሰውየው በማግስቱ ቢደርስ የሚቆጠረው የማግስቱ ነው። የኮምቦልቻው ለብቻ ከተገዛ ግን ቦሌ ላይ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይቆጠራል፤ ካሳም የለም፣ ያመለጠው ትኬትም ጠፋ።

ከቦሌ እስከ ወሎ

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ልመልስ፤ «ባቡሩስ?» ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 በቱርኩ ያፒ መርከዚ ተጀምሮ ብዙው ክፍል ተዘርግቷል፤ ሐዲዱን ኮምቦልቻ ላይ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። መንገደኛ ግን አያጓጉዝም። ሥራ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ደግሞ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ ነው የሚያልፈው። ለወሎ መንገደኛ ባቡሩ ጀርመን ላይ ያበቃል።

*በአውሮፕላን ወደ ኮምቦልቻ።* በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ነው የሚገባው። ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለከሚሴና ለባቲ ሰው ይህ አንደኛ ምርጫ ነው። የወልዲያ ሰውም በዚሁ መጥቶ ደሴን አልፎ 120 ኪሎ ሜትር በውጫሌና በመርሳ ይሄዳል። ለላስታና ለአካባቢው የላሊበላ ኤርፖርት ይቀርባል። ቦሌ ላይ በውጭውና በአገር ውስጡ በረራ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር፤ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ሰልፍ አለባቸው፤ ወደ አገር ውስጡ ተርሚናልም መሻገር አለ። ትኬቱ አንድ ከሆነ የውጭው በረራ ኪሎ ለኮምቦልቻውም መሥራት አለመሥራቱን ሲቆረጥ ጠይቁ። ለብቻ የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቅደው ኪሎ ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ለሁለተኛው ይከፍላል።

*በአውቶቡስ።* ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወጪ ከሁሉ ይቀላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የረጅም ርቀት አውቶቡሶች የሚነሱት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ከፍራንክፈርት የሚመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን እየተቃረበ ነው። ስለዚህ አውቶቡስ የመረጠ ሰው አንድ አዳር እንዳለበት አስቀድሞ ይቁጠር። ለአንዳንዱ ይህ ጥቅም ነው፤ ሌሊቱን ሰማይ ላይ ያደረ ሰውነት ዘመድ ቤት አርፎ በማግስቱ ይነሳል። መንገዱ ራሱ ለጤናማ ሰው እንኳን ቀላል አይደለም፦ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በጉም ውስጥ ታልፎ፣ ጣሊያን በሠራው ዋሻ ተገብቶ፣ ወዲያው ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወረዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ደሴ 2,500 ሜትር ይወጣል። ደም ግፊትና ልብ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ከበረራ ማግስት ይህን ባይሄድ እመርጣለሁ።

*በኮንትራት መኪና።* ከቦሌ በር ይነሳል፣ ሰፈር ድረስ ይገባል፣ ሻንጣው አንዴ ብቻ ይጫናል። ሦስትና አራት ሆኖ ለሚመጣ ቤተሰብ ለየራስ ሲካፈል ከአውሮፕላን ሊቀራረብ ይችላል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። አንደኛ፣ ሹፌሩ አዳሩን የተኛ ይሁን፤ ሌሊት ሙሉ ነድቶ መጥቶ በዚያው የሚመለስ ሹፌር አትያዙ። ሁለተኛ፣ በቀን ብርሃን ደሴ መግባት አለበት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ መውጣት ካልተቻለ እደሩ።

በየብስ ለሚሄድ ሁሉ የጸጥታው ጉዳይ ከምቾቱ ይቀድማል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ መንገድ ሳይታሰብ ይዘጋል። የትናንት ወሬ አይበቃም፤ በተነሳችሁበት ጠዋት ከሚሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። በአፋር በኩል፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚገባው መንገድ አለ፤ ይረዝማል፣ ሙቀቱም ከባድ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ካልሆነ አይሞከርም።

ጎን ለጎን ሲታዩ

አራት የተለመዱ ጥምረቶችን ወስጃለሁ። መጋጠሚያቸው ቢቆጠር አራቱም አራት አራት ነው። የሚለያቸው ስንቱ በትኬት ውስጥ መሸፈኑ ነው።

| ጥምረት | በአንድ ትኬት የተሸፈነ መጋጠሚያ | ሻንጣ | አዲስ አበባ አዳር | አጠቃላይ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ. የአካባቢ በረራ፣ ቀጥታ ወደ ቦሌ፣ ኮምቦልቻ | ከ4ቱ 2 | ፍራንክፈርት ላይ አይነሳም | አያስፈልግም | ከፍተኛ |
| ለ. ፈጣን ባቡር፣ ቀጥታ ወደ ቦሌ፣ ኮምቦልቻ | ከ4ቱ 1 | ባቡሩ ላይ ራስ ያነሳዋል | አያስፈልግም | መካከለኛ |
| ሐ. የልጅ መኪና፣ ቀጥታ ወደ ቦሌ፣ በማግስቱ አውቶቡስ | የለም | ቦሌና መናኸሪያ ላይ ይነሳል | ያስፈልጋል | ዝቅተኛ |
| መ. ፈጣን ባቡር፣ በሦስተኛ አገር በኩል፣ ኮንትራት መኪና | ከ4ቱ 1 | ባቡሩና ቦሌ ላይ ይነሳል | እንደ መድረሻው ሰዓት | ዝቅተኛ ይመስላል፤ መኪናው ሲደመር ይጨምራል |

ለማን የቱ

ብቻቸውን ለሚመለሱ፣ ከጀርመንኛም ከእንግሊዝኛም ጋር ለማይተዋወቁ እናትና አባት «ሀ» ነው፤ የዋጋውን ልዩነት ልጆች ተዋጥተው ይክፈሉት። ከፍራንክፈርት ቅርብ ለሚኖር ልጅ የራሱ መኪና የአካባቢውን በረራ ይተካዋል፤ ቀሪው ያው ነው፣ ወጪውም ይቀንሳል። በጀት ጠብቦ ከሁለት አንዱን መተው ካለባችሁ ጀርመን ውስጥ ቆጥቡና የኮምቦልቻውን በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ትኬት አስገቡት። ጀርመን ውስጥ ልጅ አብሯቸው አለ፤ ቦሌ ላይ ግን ደክመው፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ነው የሚደርሱት።

አብሮ የሚጓዝ ጎልማሳ ካለ «ለ» ጥሩ ሚዛን አለው። ባቡሩ ደስ ይላል፤ ሕፃናትም ይወዱታል፤ ሰዓቱን ሰፋ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

ጤናው ደህና የሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ እህት ወንድም ያለው፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ የሌለው ሰው «ሐ»ን ቢመርጥ አይቆጨውም። መንገዱ ሰላም መሆኑ በዕለቱ ከተረጋገጠ፣ አንድ ቀን አርፎ በአውቶቡስ መውረድ የሚያተርፈው ገንዘብ ቀላል አይደለም። «መ»ን ግን ለቡድን ካልሆነ አልመክርም፤ ለአንድ ሰው የኮንትራት መኪናው ዋጋ የትኬቱን ቅናሽ ይበላዋል፣ ብዙውም መጋጠሚያ በራስ ኪሳራ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው የትኛውም ቢመረጥ ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። የሐኪም ወረቀቱም አብሮ ይያዝ። የሐላል ወይም የጾም ምግብ የሚፈልግ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ማዘዝ አለበት፤ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ መጠየቅ አይሠራም።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው። ትኬቱ ላይ 22:00 የሚለው ማታ 4 ሰዓት ነው፤ የኮምቦልቻው 09:20 ካለ ጠዋት 3:20 ነው። በአውሮፓ ክረምት ጀርመን ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ካለ ቀኑን ደግማችሁ እዩ፤ የ00:30 በረራ የሚነሳበት ቀን እኛ «ማታ» ከምንለው ቀን ይለያል።

ሻንጣው ተመዝኖ ሲያልፍ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ሦስቱ ትልልቅ ፊደላት የሻንጣው መጨረሻ የት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ኤ-ዲ-ዲ ካለ አዲስ አበባ ነው፣ ዲ-ኤስ-ኢ ካለ ኮምቦልቻ፣ ኤል-ኤል-አይ ካለ ላሊበላ። አዲስ አበባ የሚል ከሆነ ቦሌ ላይ ሻንጣውን አንስተው እንደገና ማስረከብ እንዳለባቸው ንገሯቸው፤ ኮምቦልቻ ቢልም ለጉምሩክ መነሳት ይኖርበት እንደሆነ እዚያው መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ቦሌ ለሚቀበለው ሰው ላኩለት። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከአውሮፓ ኅብረት የሚወጣ ሰው ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ፓወር ባንክ ጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ነው።

የመጨረሻው የአደራ ዕቃ ነው። እናት ሊመለሱ መሆኑ ሲሰማ የጎረቤቱ ልጅ ለእናቱ መድኃኒት፣ ጓደኛው ለእህቱ ስልክ፣ ሌላው ለሐይቅ ዘመዱ ጫማ ይልካል። የወሎ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ እናቶች ደግሞ «አብሽር፣ አምጣው» ይላሉ። የሻንጣው ባለቤት ግን በፍተሻም በጉምሩክም ፊት እሳቸው ናቸው። የታሸገ አትቀበሉ፤ ላኪው ባለበት ተከፍቶ ይታይ፣ መድኃኒት ከሆነ የማዘዣ ወረቀቱ አብሮ ይምጣ፣ የማን እንደሆነና ለማን እንደሚሰጥ በወረቀት ይጻፍ። ኪሎውን ቀድማችሁ ወስኑ፤ ለአደራ 5 ኪሎ ካላችሁ፣ 5 ኪሎው ሲሞላ «ሞልቷል» የሚለው ልጁ ይሁን እንጂ እናቱ አይሁኑ። የእምቢታውን ክብደት ከእሳቸው ላይ ማንሳት ሻንጣውን ከማንሳት እኩል ያግዛቸዋል። ሻንጣውንም ከመነሳታቸው በፊት ባለው ማታ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድማችሁ መዝኑት፤ የሚወጣው ዕቃ ካለ ላኪው መጥቶ ለመውሰድ ጊዜ ይኖረዋል።